ጭስ የሚበላው ምድጃ

ጭስ በግራም እንደሚመዘን ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ጤፍ ይመዘናል፣ ወርቅ ይመዘናል፣ ሻንጣም ኤርፖርት ላይ ይመዘናል። የሻንጣውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኦክላንድ ኤርፖርት ሰው በመኪና ማመላለስ ነውና። ግን ጭስ! ጭስን ይዞ «አንተ በሰዓት ይህን ያህል ግራም ነህ» የሚል ሰው በዚህ ምድር ላይ አለ ብትሉኝ ኖሮ፣ «ይሄ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» ነበር የምላችሁ። ዛሬ ያን ሰው ባገኘው ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን እስመዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ወሬ ሳበዛ ደግሞ ታገሡኝ፣ ሚስቴ ከታገሠችኝ እናንተ አያቅታችሁም።

ነገሩ የጀመረው የባለቤቴ የሰብለ አባት ከእኛ ጋር ሊኖሩ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ነው። አባባ እንላቸዋለን። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቁመተ ሎጋ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ መሬት ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ እንደደረሱ ሁሉ ነገር ተስማማቸው፤ ምግቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የአውቶቡሱ ሰዓት ማክበር ሳይቀር። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላቸው፤ የቤታችን ሙቀት። ሂተሩን ከፍ ሳደርገው ከጣሪያው ቀዳዳ ወደሚመጣው አየር እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ መዳፋቸውን ያገላብጣሉ፣ ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ።

«ይሄ ነፋስ ነው።»

«ሞቃት ነው እኮ አባባ።»

«ቢሞቅም ነፋስ ነው። ቁርጥማቴ ያውቀዋል።»

እሳቱ የት እንዳለ በማይታይ ሙቀት አያምኑም። ጋቢያቸውን በጃኬት ላይ ደርበው፣ ኮፍያቸውን እስከ ጆሮ ስበው ሊቪንግ ሩም ውስጥ ሲቀመጡ፣ አውቶቡስ የቀረበት መንገደኛ ይመስሉኝ ነበር። ሰብለ ብርድ ልብስ ትደርብላቸዋለች። አባቷ ናቸው፤ ምን ታድርግ?

ቤታችን አሮጌ ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ በጡብ የተሠራ ፋየርፕሌስ አለው። ከገዛነው ጀምሮ ጫማ ነበር የምናስቀምጥበት። አንድ ቅዳሜ ጫማውን ሁሉ ወዲያ ብዬ እሳት አነደድኩ። እናንተ ሆዬ! አባባ ወንበራቸውን ጎትተው አቀረቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። እግራቸውን ዘረጉ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ፤ የትኛውን ወንዝ በበቅሎ እንደተሻገሩ፣ የትኛው ባላባት መሬቱ ሲለካ አንሶ ስለተገኘ አልቀበልም ብሎ ክችም እንዳለባቸው። ሰብለ ከሥራ ስትገባ አባቷ እየሳቁ ነበር። ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ ጀግና ሆንኩ። በአማት ዓይን ጀግና መሆን ምን እንደሚመስል ላልቀመሰው ሰው ማስረዳት አልችልም።

ጀግና ደግሞ እንጨት ያስፈልገዋል። የኦክላንድ ኮረብታ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ዛፍ ቆራጮቹ ይቆርጡና ግንዱን መንገድ ዳር ደርድረው «የፈለገ ይውሰድ» የሚል ወረቀት ለጥፈው ይሄዳሉ። ባሕር ዛፍን ያህል ነገር እንዲህ ሜዳ ላይ ጥለው ይሄዳሉ! ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ተሽቀዳድሜ ነው የጫንኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተሳፋሪ ሻንጣ በሚጫንበት ቦታ ግንድ ስጭን ከረምኩ። ተሳፋሪዎቼ «መኪናህ የሳል ከረሜላ ይሸታል» እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር። ያን እንጨት በትኩሱ አነደድኩት። ያፏጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ በሁለቱም ጫፉ ያነባል። ጭሱማ አይጣል ነው። ሰብለ «ጭሱ በዛ» ስትለኝ «ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው፣ ሰማይ ሰፊ ነው» እላታለሁ። እንዲህ ዓይነት ሊቅ ነበርኩ።

ታዲያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። በዚህ አገር አየር መሥሪያ ቤት አለው። ቀልዴን አይደለም፤ አየሩን የሚጠብቅ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ቴምብር የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት። ከጭስ ማውጫችሁ ብዙ ጭስ ይወጣል የሚል ጥቆማ ደርሶናል፣ ሕጉ እንዲህ ነው፣ እባካችሁ አንብቡ ይላል። ቅጣት የለውም፤ ከነሥዕሉ ምክር ብቻ ነው። እኔ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት የምፈራ ሰው ነኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ማን እንደጠቆመብኝ ማሰላሰል ያዝኩ።

ብዙም አላሰላሰልኩም። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታችን፣ ሚስ ዶሎሬስ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ድሮ መስኮታቸውን ከፍተው «እንዴት አደርክ፣ መኪናህን አስተካክለህ አቁም!» የሚሉኝ ሴትዮ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መስኮታቸው ጥርቅም ብሏል፣ መጋረጃቸው ወርዷል፣ ሰላምታቸው ጠፍቷል። ተቀይመውኛል አልኩ። የጠቆሙትም እሳቸው ናቸው አልኩ። የዚህ አገር ሰው እዚህ ላይ ቢደርስ በሩን ያንኳኳል፣ ወይም ጠበቃ ይይዛል። እኔስ ምን አደረግሁ? ሽማግሌ ላክሁ።

ጋሽ መኮንንን ነው የጠራሁት። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ጡረታ የወጡ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ በዚህ አካባቢ የተጣላ ባልና ሚስት ከፍርድ ቤት በፊት እሳቸውን ነው የሚያየው። ሁለት ባልንጀሮቻቸውን አስከትለው መጡ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ፣ በላዩ ላይ ነጭ ጋቢ፣ አንደኛው እጅ ላይ አንድ ካርቶን ብርቱካን። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ከኋላ። መንገዱን ስንሻገር መኪና ቆመልን፤ ሹፌሩ የቀብር ሥነ ሥርዓት መስሎት ነው መሰለኝ ባርኔጣውን አወለቀ።

በኋላ ሰብለ እንደነገረችኝ፣ አባባ በዚያ ሰዓት መጋረጃውን ገልጠው ያዩን ነበር። «ሦስት ሽማግሌ፣ ጋቢ፣ ብርቱካን!» አሉ። «ያቺን ሴትዮ ለማን ሊጠይቁ ነው?»

«ለማንም አይደለም አባባ፤ እንዲሁ ጉርብትና ነው።»

አባባ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ለእኔ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሊነገረኝ ይገባል» አሉ።

ሚስ ዶሎሬስ በሩን ሲከፍቱ አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ ነበር። ቱቦው በጀርባቸው ወርዶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ ጥግ ላይ ከሚያጉረመርም ሳጥን ይገባል። ኦክስጅን ነው። እኔ ያኔውኑ የጋሽ መኮንንን ጋቢ ከኋላ ጎተትኩ፤ እሳቸው ግን ጀምረዋል፣ እሳቸው ከጀመሩ ደግሞ የሚያስቆማቸው የለም። ስለ ጉርብትና፣ ስለ እሳትና ስለ ይቅርታ፣ እጃቸውን እያወራጩ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። እኔ «ይቅርታ እየጠየቁ ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

«ያ ሁሉ?» አሉ ሚስ ዶሎሬስ።

«አዎ።»

«ስለ ምኑ?»

ስለ ጥቆማው ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ሳቁ ወዲያው ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልለቅ አላቸው፣ ወንበር ይዘው ቆሙ። አራት ወንዶች ካርቶን ብርቱካን ይዘን እንጨት ሆነን ቀረን። ትንፋሻቸው ሲመለስላቸው እንዲህ አሉ፤ «እኔ አይደለሁም የጠቆምኩት። ሽማግሌው አባታችሁ እሳት ፊት ተቀምጠው ሲስቁ ከዚህ ይታዩኛል። ደስ ይሉኛል። ጭሱ ሲበዛብኝ መስኮቴን ዘጋሁ፣ በቃ። መስኮት የተሠራው ሊዘጋም አይደል?»

እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! እኔ ተቀየሙኝ ብዬ ስብሰለሰል፣ እሳቸው የእኔን ጭስ ሽሽት ቤታቸው ውስጥ ታፍነው ከርመዋል። ያውም በዚያ ሳንባ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ መኮንን ነገሩን ስተረጉምላቸው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልናስታርቅ ነበር የመጣነው» አሉ። «እዚህ ግን የተጣላ የለም። አንድ ጥፋተኛ ብቻ ነው ያለው።» ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ቤት ስገባ ሰብለ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። «እሳቸው አይደሉም የጠቆሙት» አልኳት። ቢላዋው ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«ኮል ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

የገዛ ቤቷን! ለመንግሥት! ሰብለ ሥራዋ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎችን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። የኦክስጅኑ መኪና ሚስ ዶሎሬስ በር ላይ ሲቆም ያየች ቀን ሁሉ ነገር ገብቷታል። «ላንተ ሦስቴ ነግሬሃለሁ፤ ሰማይ ሰፊ ነው አልከኝ» አለች። «አባባንስ ምን ብዬ ልንገራቸው? እሳትዎ ሰው እያፈነ ነው ልበላቸው? አታውቃቸውም እንዴ?»

አውቃቸዋለሁ። የመጡ ሰሞን ሳላቸው እንቅልፍ እንደነሳን ከስልክ ወሬ ሰምተው፣ ሳምንቱን ሙሉ ትራስ አፋቸው ላይ ይዘው ሲያስሉ ከርመዋል። አንዲት ቃል ብትደርሳቸው ያን ፋየርፕሌስ ዳግመኛ አይጠጉም። ያም ብቻ አይደለም፤ ሰው አስቸግሬ አልኖርም ብለው ሻንጣቸውን በር ላይ ያቆማሉ። ሰብለ የሽንኩርቱን እንባ በክንዷ እየጠረገች፣ «እናቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ» አለችኝ። «እሳቸው ከዚህ ቤት እንዲሄዱብኝ አልፈልግም። እኚያም ሴትዮ በእኛ ጭስ እንዲታመሙ አልፈልግም። እኔ አላውቅም፣ የማይጨስ እሳት ፈልግ።»

የማይጨስ እሳት! ደረቅ ውሃ አምጣ ያለችኝ ያህል ነበር። ግን ሚስት ናት፣ ወጣሁ።

ሰው ሳን ሆዜ ውስጥ የእንጨት ምድጃ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ ጠቆመኝ። ጋሽ መኮንንን ይዤ ሄድኩ፤ ትልቅ ዕቃ ሲገዛ ትልቅ ሰው አብሮ መኖር አለበት። ስንገባ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዚያ ሁሉም ነገር በስልክ በሚታዘዝበት ከተማ መሐል፣ ጥቋቁር የብረት ምድጃዎች ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ በመስታወት በራቸው ያዩናል። ባለሱቋ ጠና ያለች፣ እጇ ጥላሸት የለበሰ ሴት ናት። ሰላም ሳትለን «ክፍሉ ስንት በስንት ነው?» አለች።

እኔ ግን መርጬ ጨርሻለሁ፤ ትልቁን። በሬ የሚያህለውን፣ ጥግ ላይ ያለውን። ለአማት ትንሽ ምድጃ ይገዛል እንዴ? ጋሽ መኮንንም ገፋ አድርገው ሞክረው፣ ንቅንቅ ስላላለ፣ «ይሄ ነው» አሉ። ባለሱቋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ትልቅ ምድጃ ለትንሽ ክፍል ከተገዛ ሙቀቱ ይበዛል፤ ሰው ደግሞ ሙቀቱን ለመቀነስ አየሩን ይዘጋበታል፤ አየር ያጣ እሳት ይታፈንና ይጨሳል። ትንሹ ግን በደንብ እየነደደ ንጹሕ ሆኖ ይሠራል። ትንሹ ከትልቁ ይበልጣል ማለቷ ነው! ጋሽ መኮንን «ሴትዮዋ መሸጥ አትፈልግም እንዴ?» ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ።

ከዚያ የእንጨት ዱቄት ተጠፍጥፎ የተሠራ ፍሬ የሚበላውን ምድጃ አሳየችን። ጋሽ መኮንን ፍሬውን እፍኝ ሙሉ ዘግነው አሸተቱና «ይሄ የዶሮ መኖ ነው» አሉ። ያውም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል አለች፤ እሱን ተውነው። ቀጥሎ፣ ሆዱ ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ነገር ያለበትን አመጣች። ጭሱ በዚያ ቀዳዳ ሁሉ ሲያልፍ እንደገና ይነድዳል፤ ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ ያሞቃል፤ ግን መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ በየጊዜውም ይጸዳል። ጋሽ መኮንን ቀና ብለው አዩኝ፤ «አንተን አይደለም» አሉ። እኔም አልኩ፤ እኔን አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ከእያንዳንዱ ምድጃ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት ያነበብኩት። ጭስ፣ በሰዓት ይህን ያህል ግራም። እንዴት እንደሚመዘን ጠየቅኋት። ምድጃውን ቤተ ሙከራ ያስገቡታል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን በወንፊት መሳይ ነገር ይይዙታል፣ የያዘውን ይመዝኑታል። እኔ በቀን ጆንያ ሙሉ ጭስ ወደ ሰፊው ሰማይ ስለቅ፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማንም ያላየውን ቁንጥር በሚዛን ላይ ይፈልጋል። ለማን ብሎ? ለማያውቃት ለአንዲት ሳንባዋ ለታመመባት ሴት ብሎ ነው እንጂ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሱቁ መሐል ቆሜ እንባዬ መጣ። ባለሱቋ የዋጋው ነገር መስሏት ወንበር አቀረበችልኝ።

ከመኪናዬ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ይዤ ገብቼ ነበር፤ ናሙና መሆኑ ነው። ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ ሰክታበት ቁጥሩን አየች። «ይሄ እንጨት አይደለም፣ ሾርባ ነው» አለች። ተፈልጦ፣ ከዝናብ ተሸሽጎ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ካልደረቀ እንኳን ምድጃው መላእክትም ቢመጡ ጭሱን አያስቆሙትም። «ለማን ነው ግን ምድጃው?» ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ አባባን፣ ሚስ ዶሎሬስን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የሚስቴን ጥቆማ።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ጓዳ ወስዳ እየነደደ ያለውን አሳየችን። መካከለኛ፣ ዝም ያለ፣ አራት እግር ያለው። «አሁን ውጡና ጣሪያውን እዩ» አለች። ወጣን። ጭስ ማውጫው ላይ ምንም የለም። «ጠፍቷል» አሉ ጋሽ መኮንን። ተመልሰን ገባን፤ እሳቱ ቦግ ብሎ ይነድዳል። ወጣን፤ ምንም የለም። ሦስተኛ ጊዜ ስንወጣ ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አውልቀው አማተቡ። «ግዛ» አሉ።

የከተማው ፈቃድ፣ የባለሙያው ቀጠሮ፣ በአሮጌው ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚገባው የብረት ቱቦ፣ የደረቀው እንጨት፣ ይሄ ሁሉ ሦስት ሳምንት ወሰደ። አባባን «ምድጃው እየታደሰ ነው» አልናቸው። ጋቢው ወደ ጃኬቱ ተመለሰ፣ ኮፍያው ወደ ጆሮ ወረደ፣ ወሬው ቆመ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «ትኬቴ መመለሻ አለው?» ብለው ጠየቁ። ሰብለ ሻዩን ከስኒው ውጭ ቀዳችው።

ምድጃው በገባ ማግስት ወንበራቸውን አቅርበው ተቀመጡ። እንጨቱን ደረደርኩ፣ ክብሪቱን አነሳሁ፣ እስቲ የአየሩ መሥሪያ ቤት ምን ይላል ብዬ ስልኬን አየሁ። ዛሬ አየሩ የቆሸሸበት ቀን ስለሆነ በአካባቢው እንጨት ማንደድ ክልክል ነው ይላል። ለማንም! ክብሪቱ በእጄ ላይ ቀረ። ሰብለ ዓይኔን አይታ ሁሉ ነገር ገባት።

«አባባ፣ ዛሬ እሳቱ ይጾማል» አለች።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉ አባባ።

«የካሊፎርኒያ ጾም ነው። ቀኑ አይታወቅም፣ በዕለቱ ነው የሚነገረው።»

አባባ አሰቡበት። «የጾም ነገር ከሆነ አልከራከርም» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

በነጋታው ተፈቀደ። ባለሱቋ እንዳስተማረችኝ ወፍራሙን ከታች፣ ጭራሮውን ከላይ አድርጌ ከላይ ለኮስኩት። አባባ «እሳት ከላይ?» ብለው ተሳለቁብኝ። እኔ ግን በሩን በርግጄ ወደ ውጭ ሮጬ ነበር። መንገዱ መሐል ቆሜ ጣሪያዬን አየሁ። ጭስ! ግራጫ፣ ቀጭን፣ ግን ጭስ! ቀጥ ብሎ ወደ ማዶ፣ ወደ ሚስ ዶሎሬስ። መጋረጃቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አበቃ፣ አባባም ሄዱ፣ ሴትዮዋም ታፈኑ አልኩ። መኪና ጥሩንባ ሲነፋብኝ እንኳ አልተነቃነቅሁም። ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ጭሱ ሳሳ። ከዚያ ጠፋ። ከጭስ ማውጫው በላይ አየሩ ብቻ ይርገበገብ ነበር፣ ፀሐይ የጠናበት አስፋልት ላይ እንደሚታየው።

እሳቱ የሞተ መስሎኝ ተመልሼ ገባሁ። አልሞተም። አባባ ወደ መስታወቱ ተጎንብሰው ቀርተዋል። ነበልባሉ እንጨቱን ለቆ፣ ከምድጃው ጣሪያ ሥር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀስ እያለ ይተጣጠፋል። ከታች የሚነሳው ጭስ እዚያ ሲደርስ እሳት ይሆናል።

«ጭሱን እየበላው ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ፣ ና እይ። የገዛ ጭሱን እየበላ ነው! ሰማንያ ዓመት እሳት አጠገብ ስኖር እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።» ሰብለም መጣች፣ እኔና እሷ እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ሲቆይ አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ጋቢያቸውን። ቀጥሎ ጃኬታቸውን! በዚህ ቤት ሸሚዛቸውን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሰማያዊ ነው። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉና ቀና ሲሉ ዓይናቸው በመስኮቱ አልፎ መንገዱን ተሻገረ።

«እንዴ!» አሉ።

ማዶ ሚስ ዶሎሬስ ከመስኮታቸው ጋር ይታገላሉ። ብዙ ስለተዘጋ ተጣብቋል። በሁለት እጃቸው ገፉት፣ አረፉ፣ እንደገና ገፉት፤ ተከፈተ። ቱቧቸውን እንዳደረጉ ክንዳቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፈው ወደ ውጭ አዘነበሉ።

«ያቺ ሴትዮ አበደች እንዴ?» አባባ ተቆጡ። «በዚህ ብርድ መስኮት ይከፈታል? ሳንባዋን ሊመታት ነው! ሰብለ፣ ሰው የላትም እንዴ? ሂድ አንተ፣ ሮጥ በል፣ ዝጊ በላት!»

ሰብለ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም።

«እሺ አባባ» ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ተሻገርኩ፣ መስኮታቸው ሥር ቆምኩ። ሚስ ዶሎሬስ ዓይናቸውን ጨፍነው አየር እየሳቡ ነበር። ሲገልጡ አዩኝ።

«አባትህ በመስኮት እጃቸውን እያወናጨፉ ነው» አሉ። «ምን እያሉ ነው?»

«ሰላም እያሉ ነው» አልኳቸው።

«በርታ ያለ ሰላምታ ነው» አሉና ክንዳቸውን አውጥተው መለሱላቸው። እኔም እዚያው ቆሜ፣ ሲተነፍሱ ትንሽ አየኋቸውና ተመለስኩ። ዝጉ አላልኳቸውም።